ጆርጅ ዴ ሄቨሺ፦ የአቶምን ዱካ የተከተለ ኬሚስት

በሳይንስ ታሪክ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት በፈቱት ችግር ነው። ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ጆርጅ ዴ ሄቨሺ ግን ከሁሉ በላይ የሚታወስበትን ሥራ ያገኘው ሊፈታው ካልቻለው ችግር ውስጥ ነው።

ሄቨሺ እ.ኤ.አ. በ1885 በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1908 በጀርመን አገር ከሚገኘው የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኘ በኋላ በዙሪክና በካርልስሩሄ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ፣ በ1911 በማንቸስተር ወደሚገኘው የኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ ገባ።

በዚያን ጊዜ ራዘርፎርድ ከኦስትሪያ መንግሥት የተሰጠው ብዙ እርሳስ ነበረው። ከዩራኒየም ማዕድን የተገኘው ይህ እርሳስ ለምርምር እጅግ የሚፈለገውን ራዲየም ዲ የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የያዘ ቢሆንም፣ ተራው እርሳስ ጨረሩን እየዋጠ አላስጠቅም አለ። ሁለቱን የመለየቱ ተግባር ለወጣቱ ኬሚስት ተሰጠ። ሄቨሺ ሁለት ዓመት ገደማ የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ፤ አንዱም አልተሳካለትም። ምክንያቱ ኋላ ግልጽ ሆነ። ራዲየም ዲ ራሱ እርሳስ፣ ይኸውም ዛሬ እርሳስ-210 የሚባለው አይሶቶፕ ስለ ነበረ፣ በተለመደው የኬሚስትሪ ዘዴ ከእርሳስ ሊለይ አይችልም ነበር።

ሄቨሺ ልፋቱን እንደ ባከነ አልቆጠረም፤ ይልቁንም ጥያቄውን ገለበጠው። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ፣ ጥቂት ራዲየም ዲ ከተራ እርሳስ ጋር ቢቀላቀል እርሳሱ በሄደበት ሁሉ ጨረሩ አብሮት ይሄዳል፤ ጨረሩን የለካም እርሳሱን ለካ ማለት ነው። በ1913 በቪየና ከፍሪትዝ ፓኔት ጋር ሆኖ፣ በውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሙትን የእርሳስ ሰልፋይድንና የእርሳስ ክሮሜትን የመሟሟት መጠን በዚህ መንገድ ለካ። የዱካ ጠቋሚ አይሶቶፖች ዘዴ መነሻው ይህ ነው።

በ1920 ወደ ኮፐንሃገን፣ ወደ ኒልስ ቦር ተቋም ተዛወረ። በ1923 ከዲርክ ኮስተር ጋር የ72ኛውን ንጥረ ነገር መገኘት ይፋ አደረገ፤ በዚርኮንየም ማዕድን ውስጥ በኤክስሬይ የተገኘውም ይህ ንጥረ ነገር በከተማይቱ የላቲን ስም ሃፍኒየም ተባለ። በዚያው ዓመት ራዲዮአክቲቭ እርሳስ በተጨመረበት ውሃ ባቄላ አብቅሎ፣ ከተወሰደው እርሳስ አብዛኛው በሥሩ እንደሚቀርና ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ጥቂት ብቻ እንደ ሆነ አሳየ።

ይሁን እንጂ እርሳስ ለሕያዋን መርዝ ነው። ዘዴው ወደ ሕይወት ሳይንስ በሰፊው ሊገባ የቻለው ሰው ሠራሽ ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፖች በ1934 ከተገኙ በኋላ ነው። ሄቨሺ ሰልፈርን በኒውትሮን በመደብደብ፣ ግማሽ ዕድሜው 14 ቀን ያህል የሆነውን ፎስፈረስ-32 አገኘ። በ1935 ከቺቪትዝ ጋር ይህንኑ ለአይጦች መግቦ፣ አጥንት እንደ ድንጋይ የረጋ ነገር አለመሆኑን፣ ፎስፈረሱን ሳያቋርጥ እንደሚሰጥና እንደሚቀበል አረጋገጠ። በ1936 ደግሞ ከሂልዴ ሌቪ ጋር፣ በናሙና ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በኒውትሮን ራዲዮአክቲቭ አድርጎ በጨረራቸው የመለየትን ዘዴ መሠረተ።

የዘመኑ ፖለቲካ ግን ዕረፍት አልሰጠውም። አይሁዳዊ ትውልድ ያለው ሄቨሺ፣ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከ1926 ጀምሮ ያስተማረበትን ፍራይቡርግን በ1934 ለቆ ወደ ኮፐንሃገን ተመለሰ። በ1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ሲይዝ፣ ማክስ ፎን ላውና ጄምስ ፍራንክ በአደራ ያስቀመጧቸው የኖቤል የወርቅ ሜዳሊያዎች በተቋሙ ውስጥ ነበሩ። ወርቅ ከጀርመን ማውጣት ከባድ ወንጀል ሲሆን፣ በሜዳሊያዎቹ ላይ የባለቤቶቹ ስም ተቀርጾ ነበር። ሄቨሺ ሁለቱንም በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ አሟሟቸው። ብልቃጡ በመደርደሪያ ላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ተለይቶ ለባለቤቶቹ እንደገና ሜዳሊያ ተሠራበት።

ሄቨሺ ራሱ በ1943 ወደ ስዊድን ተሰደደ። አይሶቶፖችን በዱካ ጠቋሚነት ስለ መጠቀም ለሠራው ሥራ የ1943 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1944 ነው። በ1966 በፍራይቡርግ አረፈ።

ዛሬ ሐኪም የታይሮይድ ዕጢን አሠራር በጨረር ሲመረምር፣ የግብርና ባለሙያም ከማዳበሪያው ፎስፈረስ ሰብሉ ምን ያህሉን እንደ ወሰደ ሲለካ፣ የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ሄቨሺ ለሙያ ባልደረቦቹ ያተረፈው ትምህርትም ከዘዴው አያንስም፤ ያልተሳካ ሙከራ ለምን እንዳልተሳካ እስከ መጨረሻው ከተጠየቀ፣ የተፈለገውን ባይሰጥ እንኳ ያልታሰበውን ሊሰጥ ይችላል።