የሞርሊዋ ቢስክሌተኛ፤ የቤሪል በርተን ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በሚወጣበት በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ነገሥታትን፣ የጦር አለቆችንና ሊቃውንትን ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁላችሁ አንዲት የእርሻ ሠራተኛ ናት። በልጅነቷ ፈተና የወደቀች፣ ሐኪሞች ከድካም ሁሉ እንድትርቅ ያዘዟት፣ በኋላ ግን በቢስክሌት የዓለምን ሴቶች፣ አንድ ቀንም የአገሯን ወንዶች የቀደመች እንግሊዛዊቷ ቤሪል በርተን ናት። በታሪኳ ውስጥ ያደነቅሁት ነገር እጅግ ብዙ ነው፤ ያልወደድሁላት አንድ ነገርም አለና እርሱንም አልደብቅም። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቤሪል በሜይ ወር 1937 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር፣ በሊድስ ከተማ ተወለደች። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር አንድ ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከባድ ፈተና ይቀርብለት ነበር። ያለፈው ወደ ከፍተኛው የቀለም ትምህርት ቤት ይገባል፤ የወደቀው ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተልኮ ቶሎ ሥራ እንዲይዝ ይደረጋል። ቤሪል ወደቀች። ይህን በምታነቡበት ጊዜ የራሳችንን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተነገረበትን ቀን የምታስታውሱ ጓደኞች ትኖራላችሁ፤ ያን ቀን ሆድ እንዴት እንደሚባባ መንገር አያሻኝም። እርሷ ደግሞ ሐዘኑ ሳይበርድላት ታመመች። ሕመሙ የሩማቲክ ትኩሳት ነበር፤ ይኸውም ልብን የሚጎዳ በሽታ ነው። ብዙ ወራት ሆስፒታል ተኝታ፣ ከዚያም ለማገገም ከወላጆቿ ርቃ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከትምህርቷ ተለየች። በመጨረሻ ስትወጣ ሐኪሞች ልቧ ደካማ ስለ ሆነ ከባድ እንቅስቃሴ እንዳታደርግ አስጠነቀቋት።

በ1986 ዓ.ም. ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ላይ ያ የፈተና ውድቀት ዕድሜዋን በሙሉ እንዳልወጣላትና በአንድ ነገር ስሟን ለማስጠራት ያን ጊዜ ቈርጣ እንደ ተነሣች ገልጻለች። በምን እንደምታስጠራው ግን ገና አላወቀችም ነበር።

ትምህርቷን ትታ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ሥራ በያዘች ጊዜ ሻርሊ በርተን ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀች። ሻርሊ ቢስክሌት ወዳጅ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዴኒዝ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። ሻርሊ ሚስቱን በሊድስ አጠገብ ባለችው በሞርሊ ከተማ ወደሚገኘው የቢስክሌተኞች ክበብ ወሰዳት። በመጀመሪያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር እኩል መሄድ አቅቷት ዳገት ላይ ከኋላ ይገፏት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከመካከላቸው እንደ አንዱ ሆነች። በሦስተኛው ዓመት ግን ፊት ፊት እየሄደች እነርሱን ትመራቸው ጀመር። ባልየው ራሱም ጥሩ ቢስክሌተኛ ሳለ የእርሷን ችሎታ ባየ ጊዜ የራሱን ውድድር ወደ ጎን ትቶ የእርሷ ረዳት ሆነ። ጎማ የሚለውጥ፣ ካቴና የሚያጥብ፣ ልጅ የሚይዝ፣ በመንገድ ዳር ቆሞ መጠጥ የሚያቀብል እርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ባል በዚያ ዘመን በእንግሊዝም ብዙ የነበረ አይመስለኝም።

እንግዲህ የውድድሩን ዓይነት ላስረዳ። በእንግሊዝ አገር ቢስክሌተኞች በጅምላ ተሰልፈው በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደም ለብዙ ዓመታት በራሱ በስፖርቱ ማኅበር ተከልክሎ ስለ ነበረ፣ የአገሩ ሰዎች ሌላ ዘዴ አበጁ። ማለዳ፣ መንገዱ ገና ጭር ባለበት ጊዜ፣ ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ በየአንድ ደቂቃው ይነሣሉ። ማንም በማንም ጀርባ ተከልሎ ነፋስ ማምለጥ አይፈቀድለትም። ተቀናቃኙ ሰዓቱ ብቻ ነው። ርቀቱ 10፣ 25፣ 50 ወይም 100 ማይል ነው፤ ከዚህ ሌላ በ12 ሰዓትና በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ርቀት የሄደ የሚያሸንፍበትም አለ። ወቅቱ በጸደይ በአጫጭሮቹ ተጀምሮ በበጋው ወራት ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል፤ በመጸው ያበቃል። በወቅቱ መጨረሻ የሦስት ርቀቶች፣ ማለት የ25፣ የ50 እና የ100 ማይል አማካይ ፍጥነት ተደምሮ የዓመቱ ምርጥ ሴት ትታወቃለች። ቤሪል ይህን ማዕርግ ከ1959 እስከ 1983 ዓ.ም. ለ25 ዓመታት ሳታቋርጥ ይዛዋለች። ሃያ አምስት ዓመት! ስታሸንፍ ያልተወለዱ ልጆች አድገው መጥተው ተሸነፉላት።

ልምምዷ የሚጀምረው በክረምት ነው፤ ቦታውም የስፖርት ሜዳ አልነበረም። የክበቡ አባል የሆነና ራሱም በ24 ሰዓት ውድድር የታወቀ ሻምፒዮን የነበረ ኒም ካርላይን የሚባል ሰው በሞርሊ እርሻ ነበረው፤ ቤሪል በዚያ ተቀጠረች። በእርሻው የሚበቅለው ሩባርብ የሚባል ተክል ነው፤ እንግሊዞች ቀዩንና ጎምዛዛውን አገዳ በስኳር ቀቅለው ይበሉታል። በዚያ አገር ሥሩ ውርጭ እስኪመታው ድረስ በሜዳ ይቆይና ተቈፍሮ ወደ ጨለማና ሞቃት ዳስ ይገባል፤ በክረምትም በሻማ ብርሃን ይለቀማል። ጭቃ የጠጣውን ከባድ ሥር ከመሬት መንቀል፣ መሸከም፣ ማጎንበስ የዕለት ሥራዋ ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ የእግሯ ብቻ ሳይሆን የጀርባዋና የክንዷ ብርታት ከዚያ የመጣ ነው። ከሥራ በኋላ ደግሞ በዝናብም በብርድም በቢስክሌት ትወጣለች። እሑድ ከክበቡ ሰዎች ጋር ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ወደ ቤት ስትመለስ እንደ ማንኛዋም እናት ምግብ ይጠብቃታል፤ በትርፍ ጊዜዋም ሹራብ ትሠራ ነበር።

በዚህ ዓይነት ኑሮ ሳለች በ1959 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ በክብ መም ላይ በሚደረገው የማሳደድ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ይህንኑ በጠቅላላው አምስት ጊዜ አሸንፋለች። በ1960 ዓ.ም. የመንገዱንም የዓለም ሻምፒዮና ወሰደች። ከዚህ በኋላ አንድ የቢስክሌት ፋብሪካ በደመወዝ እንድትወዳደርለት ጠየቃት። እምቢ አለች። እስከ መጨረሻው አማተር ሆና ቆየች፤ ሩባርቡንም መንቀሏን ቀጠለች። ገንዘቡን መግፋቷን አንዳንዶች ሞኝነት ይሉት ይሆናል፤ እኔ ግን ደመወዙን ብትቀበል የምትወዳቸውን የአማተር ውድድሮች ሁሉ ታጣ እንደ ነበረ ሳስብ አልፈርድባትም። በኦሊምፒክ የመወዳደር ዕድል እንኳ አልነበራትም። የእኛ አገር ቢስክሌተኞች በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በመንገድ ሲወዳደሩ ለሴቶች ግን የቢስክሌት ውድድር አልነበረም፤ የተፈቀደው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ ቤሪል 47 ዓመቷ ነበር።

ከወቅቶቿ ሁሉ የሚበልጠው የ1967 ዓ.ም. ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሆላንድ አገር በሄርለን ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሌሎቹን ጥላ ብቻዋን ገስግሳ፣ የሶቭየት ኅብረትን ሴቶች አስከትላ ለሁለተኛ ጊዜ የመንገድ ሻምፒዮን ሆነች። ሌላ ሰው ቢሆን ያርፍ ነበር። እርሷ ግን ወደ እርሻዋ ተመልሳ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ሴፕቴምበር 17 ቀን በአገሯ በዮርክሻየር ለሚደረገው የ12 ሰዓት ውድድር ቀረበች።

ወንዶቹ በየደቂቃው ተነሥተው ካለቁ በኋላ ቤሪል ተከተለች። ከወንዶቹ መጨረሻ የተነሣው ማይክ ማክናማራ ይባላል፤ በዚያ ዓመት ከእንግሊዝ ሁሉ የበረታ ረጅም ርቀት ተወዳዳሪ እርሱ ነበር። ሰዓት በሰዓት ላይ ሲደረብ ቤሪል ከፊቷ ያሉትን ወንዶች እያለፈች ሄደች። ማክናማራም በበኩሉ የወንዶችን የአገር ሬኮርድ ለመስበር እየገሰገሰ ነበር። ቀኑ ወደ ማለቁ በተቃረበ ጊዜ ከፊቷ የቀረው እርሱ ብቻ ሆነ። ጀርባው በታያት ጊዜ ደስታዋ ከማዘን ጋር እንደ ተደባለቀባት ይነገራል፤ ዕድሜውን የደከመበትን ነገር ባገኘባት ቀን አንዲት ሴት ከኋላው መጥታ ልትወስድበት ነውና። አጠገቡ ስትደርስ ዝም ብላ ማለፍ ስላቃታት እጇን ወደ ኪሷ ከትታ አንድ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው። እርሱም አመስግኖ ተቀብሎ በላ። እርሷም አለፈችው።

ዐሥራ ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ ማክናማራ 276.52 ማይል ሄዶ የወንዶችን ሬኮርድ ሰብሯል። ቤሪል ግን 277.25 ማይል፣ ማለት 446 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥታ ቢሆን ኖሮ ማታ ደሴን አልፋ ትገኝ ነበር ማለት ነው። አንዲት ሴት የወንዶችን ሬኮርድ ይዛ ሁለት ዓመት ቆየች፤ ወንዶች ያለፏት በ1969 ዓ.ም. ነው። የሴቶቹ ሬኮርድ ደግሞ 50 ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. በአሊስ ሌዝብሪጅ ተሰበረ። የቢስክሌቱ ብረት፣ ጎማውና ልብሱ በዚያ መካከል ምን ያህል እንደ ቀለለና እንደ ተሻሻለ ለምታውቁ ሰዎች ነገሩ ይበልጥ ይደንቃችኋል።

በሚቀጥለው ዓመት በ1968 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በታወቀው የፕሮፌሽናሎች ውድድር ከወንዶቹ አስቀድማ እንድትነሣ ተጋበዘች፤ 73 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል መንገድ በሰዓት ከ41 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደች ጨረሰች። አሸናፊው ጣሊያናዊ ፌሊቼ ጂሞንዲ 12 ደቂቃ ቢበልጣትም፣ በእርሷ ቦታ ሌላ ሴት አልተጋበዘችም። በዚያው ዓመት 100 ማይል ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከንግሥት ኤልሳቤጥም ሁለት ጊዜ፣ በ1964ና በ1968 ዓ.ም. ኒሻን ተሸልማለች።

አሁን ያልወደድሁላትን ነገር ልንገራችሁ። ልጅዋ ዴኒዝ አድጋ እርሷም ቢስክሌተኛ ሆነች፤ በ1972 ዓ.ም. እናትና ልጅ በአንድነት ለእንግሊዝ ቡድን ተመርጠው ለዓለም ሻምፒዮና ሄዱ። በ1976 ዓ.ም. ግን በአገሪቱ የመንገድ ሻምፒዮና ሁለቱ እስከ መጨረሻው ተያይዘው መጥተው፣ ልጅቱ በጥቂት ርቀት እናቷን ቀደመች። በሽልማቱ መድረክ ላይ ቤሪል የልጅዋን እጅ አልጨብጥም አለች። እንደ እርሷ አሳብ፣ ዴኒዝ በመንገድ ላይ ነፋሱን ለመቅደድ ድርሻዋን አልተወጣችም ነበር። ኋላ በመጽሐፏ በዚያን ቀን እንደ ወትሮዋ እንዳልነበረች አምናለች። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አጠፍሁት። ማክናማራን ለማያውቀው ከረሜላ የሰጠች እጅ፣ አልልም፣ ያውቀዋል፤ ነገር ግን እርሱ ባዳ ነው፤ ለባዳ የተዘረጋች እጅ ከአብራኳ ለወጣች ልጅ እንዴት ታጠፈች? አስቤ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፤ ማክናማራን ያገኘችው አሸንፋ ነበር፤ ዴኒዝን ያገኘችው ግን ተሸንፋ ነው። ያቺ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ መውደቅን ሳትለምደው ቀርታለች። ለ25 ዓመት ማለዳ ማለዳ ያስነሣትና እጇን በመድረኩ ላይ ያጠፈው አንድ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ደግነቱ እናትና ልጅ ተራርቀው አልቀሩም፤ በ1982 ዓ.ም. ለሁለት ሰው በተሠራ አንድ ቢስክሌት ላይ በአንድነት ተቀምጠው የ10 ማይልን የሴቶች ሬኮርድ በ21 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ሰበሩ።

ዕድሜዋ ሲገፋ ሌሎች ቀደሟት፤ እርሷ ግን መወዳደሯን አልተወችም። ሰውነቷ እየደከመ፣ ያ በልጅነቷ የታመመው ልብ እያስቸገራት እንኳ ቍጥር በጀርባዋ ለጥፋ ማለዳ ትነሣ ነበር። በአገሯ ያገኘችው የሻምፒዮንነት ማዕርግ ከ90 በላይ ነው።

በሜይ ወር 1996 ዓ.ም. 59ኛ የልደት በዓሏ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለወዳጆቿ የመጥሪያ ወረቀት ለማደል በቢስክሌቷ ከቤቷ ወጣች። በመንገድ ላይ ልቧ ቆመ።