ከባዶ እግሩ ጀርባ የነበሩት ሜጀር

ቡድን ዋንጫ ሲበላ የኳስ ተመልካች አሰልጣኙን አይረሳም። የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያለ ይድነቃቸው ተሰማ የሚያወራ አለ እንዴ? ሮም ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ ባዶ እግር ነው። የሜጀር ኦኒ ኒስካነን ስም የሚነሳው ስንት ቦታ ነው?

ለወለጋ ሰው፣ በተለይ ለነቀምቴ፣ ስዊድናዊ አዲስ አይደለም። ሚሲዮናውያኑ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ከፍተው ኖረዋል። ኒስካነን ግን የመጡት በወታደር መንገድ ነው። በ1910 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሄልሲንኪ ተወልደው ስዊድን አደጉ፤ በክረምቱ ጦርነት ለፊንላንድ ዘመቱ፤ በ1946 የክቡር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን ሊያሰለጥኑ አዲስ አበባ ገቡ።

ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ደህና ውጤት ያመጡት ብስክሌተኞቹ ነበሩ። በጎዳና ውድድር በቡድን 9ኛ ወጡ። ማራቶን የሮጡት ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ 29ኛና 32ኛ ሆኑ። በአራት ዓመት ውስጥ ከ29ኛ ወደ ወርቅ! ይሄ በዕድል አይመጣም።

ኒስካነን የሚያምኑት ሰዓትን ነው። ረጅም ሩጫ አለ፣ ዳገት አለ፣ በትራክ ላይ 1,500 ሜትር እየደጋገሙ መሮጥ አለ፣ ከዚያ ደግሞ የፊንላንዶቹ ሳውና። በጫማም ያለጫማም እያስሮጡ ሰዓት ይይዙ ነበር። ስለዚህ ባዶ እግሩ ጫማ ከማጣት የመጣ አልነበረም። ሮም ላይ መንገዱን ከአበበ ቢቂላ ጋር አስቀድመው አዩት። ወደ ማብቂያው ግድም ጣልያኖች የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሟል። መፈትለኪያው እዚያ ይሁን ተባለ፤ መስከረም 10 ቀን 1960 ማታም እንደተባለው ሆነ። የሞሮኮው ራዲ በ25 ሰከንድ ተቀደመ፤ አበበ በ2:15:16.2 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ሌላው ሠልጣኛቸው አበበ ዋቅጅራ እሱም በባዶ እግሩ 7ኛ ወጣ። ለኔ ይሄ ከወርቁ እኩል መነገር ያለበት ነው፤ ተአምር በአንድ ማታ ለሁለት ሰው አይደርስማ!

ቶኪዮ 1964 የባሰ ነበር። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። በ2:12:11.2 ሁለተኛውን ወርቅና አዲስ ክብረ ወሰን ይዞ ተመለሰ፤ የተከተለው ሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የገባው።

ኒስካነን ከሜዳ ውጪ በቀይ መስቀልና በሥጋ ደዌ ሕሙማን እርዳታ ሥራ ለዓመታት ደክመዋል። አበበ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በ1973 አረፈ። አሰልጣኙ በመጋቢት 1984 ተከተሉት። በ2009 የወጣው አትሌቱ የተሰኘው ፊልም ላይ ከአበበ ጎን ይታያሉ።