የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ

በወሎ በሐይቅ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ከጥንት ጀምሮ የትምህርት ቤት ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ተቀምጦ ደቀ መዛሙርትን ሰበሰበ፤ መጻሕፍትንም ሰብስቦ ለገዳሙ ሰጠ። የሸዋው አባ ተክለ ሃይማኖትም ከአገሩ ወጥቶ በሐይቅ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ትግሬ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደ። ስለዚህ እውቀትን ፈልጎ ከአባት ቤት መውጣት በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው።

ነገር ግን ከዚሁ ከወሎ ምድር ከሁሉ ርቆ የሄደ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙም አባ ጎርጎርዮስ ይባላል። የተወለደው በ1595 ዓመት ገደማ በጥንት ስሙ አማራ በተባለው አውራጃ በመካነ ሥላሴ ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ የጀመሩት፥ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በ1531 በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። ጎርጎርዮስ በዚያ አገር አድጎ የግዕዝን መጻሕፍት ተማረ።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት በአገሩ ብዙ ጠብ ሆነ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ ቀጥለውም ከሮም የመጡትን መምህራን ከአገር አስወጡ። ጎርጎርዮስም ከእነዚያ መምህራን ጋር የተወዳጀ ስለ ነበረ አገሩን ትቶ ተሰደደ። ብዙ ምድርና ባሕር ካለፈ በኋላም ሮም ከተማ ደረሰ።

በሮም ለኢትዮጵያ መንገደኞች ማረፊያ የሆነ ቤት ነበረ፤ የቤቱም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሐይቁ ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተጠራ ነው። ከጎርጎርዮስ መቶ ዓመት አስቀድሞ አባ ተስፋ ጽዮን የተባለ ኢትዮጵያዊ በዚያ ተቀምጦ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትሞ ነበር፤ ማተም የጀመረውም በ1548 ነው። ጎርጎርዮስም በዚያ ቤት ከጥቂት የአገሩ ልጆች ጋር ተቀመጠ።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጎልማሳ ከጀርመን አገር ወደ ሮም መጣ። ይህ ሰው ቋንቋን ለመማር እጅግ የሚተጋ ነበረ፤ ግዕዝንም በአገሩ ሳለ ከመጻሕፍት ብቻ ተምሮ ነበር። ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት ቋንቋ ግን ድምፅ የለውም፤ ዓይን ፊደሉን ያውቀዋል፥ ጆሮ ግን አያውቀውም። ሉዶልፍም በሮም ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ፈልጎ አገኛቸው፤ ከእነርሱም መካከል ጎርጎርዮስን ወዳጅና አስተማሪ አደረገ። ጎርጎርዮስ በዕድሜ 30 ዓመት ያህል ይበልጠው ነበር፤ ሆኖም ስደተኛው ሽማግሌና እንግዳው ጎልማሳ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ተማማሩ። አስቀድሞ የተነጋገሩበትም ቋንቋ ግዕዝ ነበረ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለዚህ መምህር ለጌታው ለጎታው መስፍን ለኤርንስት ነገረው። መስፍኑም ጎርጎርዮስን ለማየት ስለ ወደደ አስጠራው። በ1652 ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥቶ፥ ከፍ ያሉትን የአልፕ ተራሮች ተሻግሮ፥ ጎታ ደረሰ፤ ፍሪደንሽታይን በተባለውም አዲስ ግንብ ተቀበሉት። በዚያም መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ምድር፥ ስለ ነገሥታቷ፥ ስለ ሕጓና ስለ እምነቷ፥ ስለ አራዊቷና ስለ አዝመራዋ ጠየቁት። እርሱ ይመልስ ነበር፤ ሉዶልፍም ቃሉን እየተረጐመ ይጽፍ ነበር።

ከዚህ በላይ አንድ ትልቅ ሥራ ሠሩ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ መጽሐፍ የሚጻፈው በግዕዝ ነበረ፤ አማርኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአፍ ብቻ ይነገር ነበር። ግዕዝ ማይ የሚለውን አማርኛ ውሃ ይለዋል፤ ግዕዝ ከልብ የሚለውን አማርኛ ውሻ ይለዋል። ጎርጎርዮስ እንዲህ ያለውን ቃል ሁሉ ለሉዶልፍ አስረዳው፤ ሉዶልፍም ከእርሱ አነጋገር የቋንቋውን ሥርዐት እየለየ ሰበሰበ። እናቱ በልጅነቱ ያስተማረችው ቋንቋ በሩቅ አገር የሊቃውንት ትምህርት ሆነ።

ጎርጎርዮስ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሮም ተመለሰ። ሁለቱ ወዳጆችም ዳግመኛ በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር። ነገር ግን ሰው በሰው አገር ቢከበርም አገሩን አይረሳም። ጎርጎርዮስም ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። በ1658 በሶርያ ባሕር ዳር በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰበረ፤ እርሱም በባሕር ሰጥሞ ሞተ። በአውሮፓ ያየውንና የሰማውን ለአገሩ ልጆች ሳይነግር ቀረ። ይህ ለኢትዮጵያ ትልቅ ጉዳት ነበረ።

በጎታ የዘራው ዘር ግን አልጠፋም። በ1661 ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። በመጻሕፍቱም የመምህሩን የጎርጎርዮስን ስም በክብር አነሣ፤ ውለታውን አልካደም። መስፍኑ ኤርንስት ደግሞ በ1663 ቫንስሌብ የተባለውን የሉዶልፍ ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ይህ ሰው ግን ግብፅ ደርሶ ኢትዮጵያ ሳይገባ ቀረ። እንዲህ ከሁለቱም ወገን መንገዱ ሳይፈጸም ቀረ፤ መጽሐፉ ግን ባሕሩንም ዘመኑንም ተሻገረ።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ ለመማር ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሂድ፤ የአገሩን ቋንቋና ታሪክ አስቀድሞ ይወቅ። የራሱን የማያውቅ ተማሪ በሰው አገር ሲጠየቅ አፉን ይዞ ይቀራል፤ ጎርጎርዮስ ግን የተከበረው ከቤቱ ይዞት በሄደው እውቀት ነው። ሁለተኛው፥ የተማረውን ሁሉ በልቡ ብቻ የሚያኖር ሰው ሲሞት ትምህርቱም አብሮ ይቀበራል። የጎርጎርዮስ እውቀት የተጻፈው ተረፈ፤ ያልተጻፈው ግን ከእርሱ ጋር ሰጠመ። ስለዚህ የተማራችሁትን ጻፉ፥ ለባልንጀራችሁም አካፍሉ።