የጉግሊየልሞ ማርኮኒ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዘንድሮው መጽሔታችን የማርኮኒን ታሪክ ለመጻፍ መነሣቴን የሰሙ አንዳንድ የክፍሌ ልጆች ተቆጥተውኛል። የቁጣቸውን ምክንያት አንባቢዎቼ ወደ መጨረሻው ላይ ያገኙታል። ጽሑፉን ግን አልተውኩትም፤ ምክንያቱም ትንሽ ኃይል እንዴት ሩቅ ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚህን ሰው ሕይወት ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ማርኮኒ የተወለደው በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ቀን 1874 ነው። (ዓ.ም. ብዬ ከምጽፋቸው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ባለ ርስት ኢጣልያዊ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ አልያዘም፤ ሆኖም ጎረቤታቸው የነበረው ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ ትምህርቱን እንዲያዳምጥ ፈቅዶለት ነበር። ፈተና ለምንጠባበቅ ለእኛ ይህ ጥቂት የሚያጽናና ነገር ነው፤ መምህራኖቻችን ግን ይህን በማለቴ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

በ1894 ሄርትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሞተ። ማርኮኒም ስለ ሟቹ ሥራ የተጻፈውን አንብቦ፣ ሄርትዝ በቤተ ሙከራ ያሳየው የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለ ሽቦ መልእክት ሊያደርስ ይችላል ብሎ አሰበ። በመጀመሪያ ከቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ያለ ሽቦ ደወል አስደወለ። በ1895 ደግሞ የመላኪያውን አንዱን ጫፍ ከመሬት አገናኝቶ ሌላውን ከፍ አድርጎ ቢሰቅለው ሞገዱ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ወንድሙ አልፎንሶ ጠመንጃ ይዞ ከኮረብታው ማዶ ይጠባበቅ ነበርና ምልክቱ እንደ ደረሰ ተኮሰ። ርቀቱን ያስገኘው የሽቦው ከፍታ መሆኑን ልብ በሉ። የዲመካ ሰውማ ስልኩ እምቢ ሲለው ወደ ከፍታ መውጣትን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በዚያም ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1899 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባሕሩን አሻግሮ መልእክት ላከ። በዲሴምበር 12 ቀን 1901 በኒውፋውንድላንድ ደሴት በካይት የተሰቀለ ሽቦ ተጠቅሞ፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው ከፖልዱ ጣቢያ የተላኩ ሦስት ነጥቦችን በጆሮው ሰማሁ አለ። ከእርሱና ከረዳቱ በቀር ምስክር ስላልነበረ ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት በመርከብ ሲጓዝ ምልክቱን በወረቀት ላይ አስመዘገበ፤ ሞገዱም በሌሊት ከቀን ይልቅ እጅግ ርቆ እንደሚሄድ አስተዋለ። ቴስላን፣ ፖፖቭንና ቦዝን የመሳሰሉ ሌሎች ሰዎችም በዚሁ ሥራ ድርሻ እንዳላቸው መዘንጋት አይገባም። በ1909 የኖቤልን ሽልማት ከጀርመናዊው ብራውን ጋር ተካፈለ፤ በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከሞት የተረፉት ሰዎች ሌላ መርከብ የደረሰላቸው በራዲዮ ጥሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ማርኮኒ ለብዙ ዓመታት የተሳሳተ መንገድ ይዞ ሄደ። ሩቅ ለመድረስ ረጅም ሞገድና ብርቱ ኃይል ያስፈልጋል ብሎ አመነ። በ1907 ሥራ የጀመረው የክሊፍደን ጣቢያ በአየርላንድ ከረግረግ የሚቆፈር የደረቀ አፈር እያነደደ 300 ኪሎዋት ያህል ኃይል ይጠቀም ነበር። በ1922 ግን በኒውዮርክ በሊቃውንት ፊት ቆሞ አጭሩን ሞገድ ችላ ማለታቸው ስሕተት እንደ ነበረ ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ኤሌትራ በተባለች መርከቡ ወደ ኬፕ ቨርድ ደሴቶች ተጉዞ ከፖልዱ በአጭር ሞገድ የሚላከውን አዳመጠ። ኃይሉ ወደ 1 ኪሎዋት ቢቀነስም የሌሊቱ ምልክት ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ስሙን በትልልቅ ጣቢያዎች ያስጠራ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስሕተቱን አምኖ እንደ ገና ሲጀምር ማየት እኔን ከአትላንቲኩ ሙከራ ይልቅ ያስደንቀኛል።

የዛሬው ዘመን ይህንን መንገድ አርቆ ሄዶበታል። በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል የተፈጠረው ሎራ የሚባለው ዘዴ በ25 ሚሊዋት ብቻ፣ ማለት ከክሊፍደን ኃይል አሥራ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ባነሰ ኃይል፣ በገላጣ አገር አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ምሥጢሩ ዝግ ብሎ መናገር ነው። ድምፁ እንደ ወፍ ፉጨት ከዝቅታ ወደ ከፍታ እየተንሸራተተ ስለሚላክ፣ በሁካታ መካከል ተውጦ እንኳ መቀበያው ለይቶ ያወጣዋል። ለቅርብ ጎረቤት በሴኮንድ 5,500 ቢት ያህል መላክ ሲቻል፣ ለሩቁ ግን ወደ 300 ቢት ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ አንዲት አጭር መልእክት ከአንድ ሴኮንድ በላይ ትፈጃለች፤ ስለዚህ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ የሌሎች መሣሪያዎች መልእክትም ሊጋጭባት ይችላል። ፎቶግራፍና ንግግር ለመላክ አይሆንም። የወንዝ አሸዋ እየተቆፈረ ውኃ በሚፈለግበት በእኛ የበጋ ወራት የጉድጓዱ ውኃ የት እንደ ደረሰ በቀን ጥቂት ጊዜ ለመንገር ግን ይበቃል፤ ባትሪውም ለዓመታት ይቆያል።

ይህ ሞገድ እንደ ማርኮኒ አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ አይመለስም፤ ኮረብታ ይጋርደዋል። በ2017 ከፊኛ ላይ የተላከ የሎራ ምልክት 702 ኪሎ ሜትር ርቆ ፖላንድ ውስጥ የተሰማው ፊኛው ከ38 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለ ነበረ ነው። ከዲመካ እስከ ቱርሚ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም በመካከሉ ያለውን መሬት የሚያውቅ ሰው መቀበያው የት ላይ መቆም እንዳለበት ከመሣሪያው ይልቅ አጥብቆ ያስብበታል።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ቁጣ ልመለስ። ማርኮኒ በ1923 የፋሽስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር ማርኮኒ ወረራውን ደገፈ፤ ወደ ውጭ አገርም እየሄደ ስለ ኢጣልያ ተከራከረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጦርነቱ ሲቃረብ የአገራችንን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚያው በራዲዮ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀውን የአቃቂን ጣቢያ የሠራውም የኢጣልያ ኩባንያ ነው። አንዱ መሣሪያ ለወራሪውም ለተወራሪውም አገለገለ። እኔ በበኩሌ መሣሪያውን ከሠሪው ለይቼ እወደዋለሁ፤ ስሕተቱን በሊቃውንት ፊት ያመነው ሰው በዚህኛው ጉዳይ ግን ዝም ብሎ መሞቱ ያሳዝነኛል።

የሞተው በሮም ከተማ ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ለክብሩ የእንግሊዝ የራዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። የካቲት 12 በአዲስ አበባ የተጨፈጨፉት ሰዎች ከሞቱ ያን ጊዜ ገና አምስት ወራቸው ነበር።