ዋልተር ዳንዲ እና የሃይድሮሴፋለስ ሕክምና

ሃይድሮሴፋለስ በአንጎል ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም ወደ ደም መመለስ ሲሳነው የሚከሰት ሕመም ነው። የተጠራቀመው ፈሳሽ ቬንትሪክል የተባሉትን የአንጎል ክፍተቶች ይለጥጣል፤ የጨቅላ ሕፃን የራስ ቅል አጥንትም ገና ስላልተጋጠመ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ ይተልቃል። ሕመሙን ዛሬ በኢንዶስኮፕ ለማከም መሠረት የሆኑት ሁለት ሐሳቦች ከአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከዋልተር ዳንዲ ሕይወት ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1886 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴዳሊያ ከተማ፣ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ከፈለሱ ወላጆች ተወለደ። በ1910 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቆ በሃርቪ ኩሺንግ ሥር በቤተ ሙከራ መሥራት ጀመረ። ይሁን እንጂ ሁለቱ አልተስማሙም፤ ኩሺንግ በ1912 ወደ ቦስተን ሲዛወር ዳንዲን ትቶት ሄደ።

በባልቲሞር የቀረው ወጣት ከሕፃናት ሐኪሙ ከኬኔት ብላክፋን ጋር ሆኖ የሕመሙን መንሥኤ መመርመር ያዘ። በውሾች አንጎል ውስጥ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቬንትሪክል የሚያገናኘውን ጠባብ ቦይ በመድፈን ሕመሙን በሙከራ አስከተሉ። ወደ ቬንትሪክል የተጨመረ ቀለም በጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ መታየት አለመታየቱን በማጣራትም መተላለፊያው የተዘጋበትን ሕመም ካልተዘጋበት ለዩ። ከዚያ በኋላ ሕክምናው በግምት ሳይሆን በምክንያቱ ላይ ሊመሠረት ቻለ።

ዳንዲ በ1918 ፈሳሹን የሚያመነጨውን ኮሮይድ ፕሌክሰስ የተባለ የቬንትሪክል ክፍል ቆርጦ ማውጣት ሞከረ። ከታከሙት አራት ሕፃናት ሦስቱ ሞቱ፤ እርሱም ውጤቱን ሳይደብቅ አሳተመ። በ1922 በመሣሪያ ወደ ቬንትሪክሎች ውስጥ ተመለከተ። በዚያው ዓመት የራስ ቅልን ከፍቶ የሦስተኛውን ቬንትሪክል ግድግዳ በመብሳት ለፈሳሹ አዲስ መውጫ አበጀ፤ ዳሩ ግን በዚህ ዘዴ አንዱን የዓይን ነርቭ መቁረጥ ግድ ነበር። በተከታዩ ዓመት ዊልያም ሚክስተር በቦስተን የሽንት ቧንቧ መመርመሪያ መሣሪያ ተጠቅሞ የሦስተኛውን ቬንትሪክል ወለል በአንዲት ሕፃን ላይ በሳ፤ ራስ ቅል በሰፊው መከፈቱም ቀረ።

ዳንዲ በ1946 በባልቲሞር ሲሞት እነዚህ ዘዴዎች ገና አልተስፋፉም ነበር። የመሣሪያዎቹ ብርሃን ደካማ፣ የሞት አደጋውም ከፍተኛ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ ፈሳሹን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚያወርደው ሻንት የተባለ ቧንቧ ተስፋፍቶ ሁለቱንም ሐሳቦች ለብዙ ዓመታት ወደ ጎን ገፋቸው።

ሻንት ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን ሊደፈንና ሊመረቅዝ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ አፋጣኝ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገጠር ልጇን አዝላ ለምትነሣ እናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ብቻ ስለሆነ ባለሙያው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጣት የሚቆጠር ነበር። የቧንቧው መደፈን ለከተማ ልጅ አንድ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ለገጠር ልጅ ግን ሞት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በኡጋንዳ፣ በምባሌ ከተማ፣ የሦስተኛውን ቬንትሪክል ወለል በኢንዶስኮፕ መብሳትን ኮሮይድ ፕሌክሰስን ከማቃጠል ጋር አጣምረው ሲሠሩ፣ የተዘነጉት ሁለት ሐሳቦች በአፍሪካ ምድር ተገናኙ። ዘዴው ለሁሉም ሕፃን አይሠራም፤ የተበሳው ቀዳዳም ተመልሶ ሊዘጋ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ሲሳካ ግን ልጁን ዕድሜ ልኩን ከቧንቧ ጥገኝነት ያላቅቀዋል።

ከዳንዲ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ የአንድ ሐሳብ መክሸፍ የሐሳቡን ስሕተትነት ብቻውን እንደማያረጋግጥ ነው። ጎድሎ የነበረው መሣሪያው ነበር። ሦስቱ ሕፃናት መሞታቸው በግልጽ ባይመዘገብ ኖሮ፣ ተከታዮቹ ምን መሻሻል እንዳለበት ለማወቅ ይቸገሩ ነበር። የአገራችን ተመራማሪም የሕክምና ዘዴን ሲመዝን፣ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ከሚገኘው ውጤት ባሻገር ልጁ ወደ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ የሚገጥመውን መመዘን ይገባዋል።