ነርሷ ልዕልት

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ያስታወሰችኝ መርጡለ ማርያም ውስጥ አክስቴን ቤት ድረስ እየመጣች የምትንከባከብ አንዲት ነርስ ናት። አክስቴን የጡት ካንሰር ይዟት አንድ ሆስፒታል ከእንግዲህ የሚደረግላት ሕክምና እንደሌለ ነግሮ አሰናበታት። ሲስተሯ ግን አልተወቻትም። ተንበርክካ ቁስሏን በጨው ውሃ ታጥባለች፤ ሽታው እንዲቀንስ ሜትሮኒዳዞል ፈጭታ ትነሰንስበታለች፤ ጎኗ እንዳይቆስል እንዴት እንደምናገላብጣት አሳየችን። ሐኪሙ ያዘዘላትን ፈሳሽ ሞርፊን ሕመሙ እስኪነሳ ሳንጠብቅ በየአራት ሰዓቱ እንድንሰጣት ያስተማረችንም እሷ ናት።

የንጉሥ ልጅ ይህን ሥራ ለምን መረጡ?

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ወረራ ሳቢያ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ስደተኛ ልዕልት ሆኖ እንግዳ እየተቀበሉ መኖር ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምረው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በጦርነቱ ጊዜም ጋይስ ሆስፒታል ሠሩ።

ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወለጋም አብረው ወረዱ። አራት ወር አልሞላም። ነሐሴ 11 ቀን ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ለቀምት ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። ሰው ማዳን የተማሩት ልዕልት፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር እናቶች፣ ከትልቅ ሆስፒታል ርቀው መሞታቸው ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

በስማቸው የታነጸውና ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ያሰባሰቡለት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተቀይሮ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን መታሰቢያቸው ከሕንፃው ይልቅ በሽተኛው ካለበት ቤት ድረስ የምትሄደው ነርስ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሠረተችው ነርስ ነበረች። ዩጋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ራሳቸው ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅዳለች። መርጡለ ማርያምን ለመሰለ፣ ሐኪም እንደልብ ለማይገኝበት ቦታ፣ የዚህ ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

አክስቴ ያረፈችው ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ፣ ሰው እየለየች ነው። በሠልስቷ ሲስተሯ ለቅሶ መጣች። ንፍሮ ቀመሰች፤ ስትነሳም የተረፈውን ሞርፊን ከቁምሳጥኑ አስወጥታ፣ ለክታ፣ ለጤና ጣቢያው ልትመልስ ይዛው ሄደች።