ሙሴ ከሲና እስከ ታቦር

ወደ ጣራ ገዳም ሽቅብ ስንወጣ፣ በተራራ ከአምላኩ ጋር የተነጋገረውን ሊቀ ነቢያት ሙሴን እናስባለን። ሙሴ 40 ዘመን በፈርዖን ቤት፣ 40 ዘመን በምድያም፣ 40 ዘመንም ሕዝቡን እየመራ በምድረ በዳ ኖረ።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 33 ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት እንደ ተነጋገረ ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ ግን ፊቱን አይቶ የሚድን ሰው እንደሌለ ተነግሮታል። ቃሉ እርስ በርሱ ይጣላልን? አይጣላም። የፊተኛው የሙሴን ባለሟልነት፣ የኋለኛው የመለኮትን አለመመርመር ያስረዳል።

ሙሴ በ120 ዓመቱ የተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ በሩቁ አይቶ ሳይገባባት ዐረፈ። ነሐሴ 13 ቀን በምናከብረው በዓል ግን በደብረ ታቦር ቆሞ እናገኘዋለን፤ ያልገባባትን ምድር ረገጠ፤ በሲና የተከለከለውንም ፊት፣ አምላክ ሰው ሆኗልና፣ አየ።

የነቢዩ በረከት አይለየን።